እንቅርት ሁሉ የጨው ጉዳይ አይደለም

ቅዳሜ የጂንካ ገበያ ቀን ነው። ከአሪ ደጋ ጎመን፣ ጎደሬና ቆጮ የተሸከሙ ሴቶች ይወርዳሉ፤ ከቆላው በኩል ማር፣ ቅቤና ፍየል ይመጣል። አክስቴ በዚህ ገበያ ቡናና የቡና ገለባ ስትሸጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል። ባለፈው ልጠይቃት ሄጄ ከመደቧ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ስውል ዓይኔ የሄደው ወደ ሸቀጡ ሳይሆን ወደ ገበያተኛው አንገት ነበር። በነጠላ የተሸፈነ፣ በጨሌ የተከበበ፣ ወይም ምንም ሳይደረግበት እንዲሁ የሚታይ እንቅርት። አክስቴ ዓይኔን ተከትላ ሳቀችና «የእኔም ከእነሱ ጋር አንድ ዓይነት መስሎኝ ነበር እኮ» አለችኝ።

እንቅርት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ችግር በችግር ላይ ሲደራረብ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የምንለው አባቶቻችን ሁለቱንም በየቤታቸው ስለሚያውቋቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት ሴቶች 35.8 በመቶው እንቅርት ተገኝቶባቸዋል፤ ቁጥሩ ከስድስት ሚሊዮን በላይ ሴቶች ማለት ነበር። ያኔ ደቡብ ኦሞን ያቅፍ የነበረው የደቡብ ክልል ከ30 በመቶ በላይ ከተመዘገበባቸው አራት ክልሎች አንዱ ነው። ምክንያቱ በአብዛኛው የአዮዲን እጥረት ነው። ከባሕር የራቀ ተራራማ አገር፣ አፈሩን ዓመት ከዓመት የሚያጥብ ዝናብ፣ በዚያ አፈር ላይ የበቀለ ጎመንና ጎደሬ፤ አዮዲን ከየት ይመጣል? ካሳቫ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል፤ በደንብ ካልተዘጋጀ ዕጢው ያገኛትን ጥቂት አዮዲን እንኳ እንዳይጠቀምባት ያደርጋል።

ስለዚህ አንገቷ ያበጠ ሴት ስትመጣ «ጨውሽን ቀይሪ» ማለት ስህተት አይደለም። ስህተቱ እዚያ ላይ ማቆም ነው። አክስቴ ሦስት ዓመት የከፈለችው ለዚህ ነው።

ነገሩ የጀመራት ሦስተኛ ልጇን በወለደች በዓመቱ ገደማ ነው። አንገቷ ወፈረ። ወደ አንድ የጤና ተቋም ሄደች፤ በእጅ ተዳሰሰ፤ እንቅርት ነው፣ አዮዲን ያለበት ጨው ተጠቀሚ ተባለች። የተባለችውን አደረገች። ጨዉን ከፀሐይና ከምድጃ አራቀች፣ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀመጠች፣ ወጡ ከወጣ በኋላ ጨመረች። ሁሉም ትክክል ነበር። እሷ ግን እየባሰባት ሄደ። በጂንካ የቀትር ፀሐይ ጋቢ ትደርባለች። ፀጉሯ ይረግፋል፤ ሆዷ ይደርቃል፤ ሳትበላ ትወፍራለች፤ ድምፅዋ እንደ ጎረምሳ ጎርንኗል። ቤተሰቡን ያስደነገጠው ግን ሌላ ነበር። በሂሳብ የማትታማዋ ሴት ለደንበኛ መልስ መስጠት አቃታት። መቶ ብር ተቀብላ መቶ ሃያ ትመልሳለች። «አረጀሁ ብዬ ተውኩት» ትላለች። ያኔ ዕድሜዋ አርባ አልሞላም።

አንድ ወጣት ሐኪም አንገቷን ትቶ ስለ ብርዱና ስለ ድካሙ ጠየቃት። ከዚያ የደም ምርመራ አዘዘላት። ለዚህ ኮንሶን አቋርጣ አርባ ምንጭ ድረስ መሄድ ነበረባት። ውጤቱ ሲመጣ አዮዲን አላነሳትም፤ የገዛ ሰውነቷ መከላከያ ታይሮይድ ዕጢዋ ውስጥ ገብቶ ሰፍሮ ነበር። የበሽታው ስም ሃሺሞቶ ይባላል።

ስሙ የሰው ስም ነው። ሀካሩ ሃሺሞቶ ጃፓናዊ ቀዶ ሐኪም ነበር። በፉኩኦካ ሲሠራ ከአራት ሴቶች አንገት የወጡ ያበጡ ዕጢዎችን በማይክሮስኮፕ መረመረና ያየውን እ.ኤ.አ. በ1912 በአንድ የጀርመን የሕክምና መጽሔት ላይ አሳተመ። ዕጢዎቹ ዕጢ አይመስሉም ነበር። ሊምፎሳይት በሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ታጭቀው በብብትና በብሽሽት ያሉትን፣ ሲያብጡ ንፍፊት የምንላቸውን፣ የሊምፍ ዕጢዎች መስለዋል። እነዚህ ሴሎች እዚያ ምን ይሠራሉ? ያኔ መልስ የሚሰጥ አልነበረም። ሃሺሞቶም ወደ ትውልድ ስፍራው ተመልሶ የአገር ሐኪም ሆኖ ሲሠራ ቆይቶ በ1934 በታይፎይድ ሞተ። ስሙ በዓለም የሕክምና መጻሕፍት ላይ እንደሚሰፍር ሳያውቅ።

መልሱ የዘገየው የዘመኑ ሊቃውንት «ሰውነት ራሱን አይወጋም» ብለው ስላመኑ ነው። እምነቱ የተሰበረው በ1956 ነው። አሜሪካ ውስጥ ኖኤል ሮዝና ኧርነስት ዊተብስኪ ከጥንቸል ታይሮይድ የተቀመመ መርፌ ጥንቸሎችን ሲወጉ የጥንቸሎቹ ዕጢ በገዛ ሴሎቻቸው ተወረረ። በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ አይቫን ሮይት፣ ዲቦራ ዶኒያክና ፒተር ካምቤል በሃሺሞቶ ሕመምተኞች ደም ውስጥ የራሳቸውን ታይሮይድ የሚያነጣጥር አንቲቦዲ አገኙ።

ወታደሮቹ መግባታቸው በዚህ ታወቀ። እንዴት እንደሚገቡ ለማወቅ ግን ተጨማሪ ብዙ አሥርት ዓመታት ፈጅቷል። ለእኔ ከሁሉም የሚገርመኝም ይኼኛው ክፍል ነው።

ሊምፎሳይት እንዳሻው የትም አይገባም። ገና ያልነቃ ሊምፎሳይት መንገዱ ከደም ወደ ሊምፍ ዕጢ፣ ከሊምፍ ዕጢ ተመልሶ ወደ ደም ነው። ቲ ሴል የሚባሉት ከደረት አጥንት ጀርባ ባለው ታይመስ በሚባል ዕጢ ውስጥ ይፈተናሉ፤ የራስን ሰውነት እንደ ጠላት የሚያዩት እዚያው እንዲሞቱ ይደረጋል። ፈተናው ግን ፍጹም አይደለም። የሚያመልጡ አሉ፤ እነሱንም ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች የሚባሉ ይጠብቋቸዋል። አብዛኞቻችን እንዲህ ያመለጡ ሴሎችን ይዘን ምንም ሳንሆን እንኖራለን።

ታይሮይድ ደግሞ ራሱ ሥራው አደገኛ ነው። ሆርሞን ለመሥራት ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ያመርታል፤ ቁስል የምናጥብበትን ያንኑ ኬሚካል። እሳት አጠገብ እንደሚሠራ ባለሙያ አንዳንዴ ይቃጠላል። ሴሎቹ ሲጎዱ ስብርባሪያቸውን የሚለቃቅሙ ሌሎች ሴሎች አሉ፤ ያንን ስብርባሪ ይዘው አንገት ላይ ወዳለው ሊምፍ ዕጢ ሄደው ለቲ ሴሎች ያሳያሉ። ከፈተና ያመለጠው ቲ ሴል እዚያ ካለ፣ ተቆጣጣሪዎቹም ከደከሙ፣ ይነቃል፤ ይባዛል። ከነቃ በኋላም በላዩ ላይ አዲስ «አንቴና» ያበቅላል፤ ከቆሰለ ሥጋ የሚወጣ የኬሚካል ጥሪ የሚሰማበት።

አሁን ወደ ዕጢው መግባት አለበት፤ ደም ግን በፍጥነት ይፈስሳል። ከቀይ አፈር ቁልቁለቱን ወደ ወይጦ የሚወርድ የተጫነ አይሱዙ አስቡ። በአንድ ጊዜ ፍሬን ቢረገጥ ይገለበጣል። ሹፌሩ መጀመሪያ ማርሽ ይቀንሳል። ቲ ሴሉም እንዲሁ ነው። የደም ሥሩ ግድግዳ ሴሌክቲን የሚባሉ መያዣዎች ያወጣል፤ ሴሉ እነሱን እየነካ፣ እየለቀቀ፣ እየተንከባለለ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ተንከባሎ ሲቀርብ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጥሪ ያገኛል። ጥሪዎቹ ኬሞካይን ይባላሉ፤ በታይሮይድ ሕመም ብዙ የተጠናው ሲኤክስሲኤል 10 ነው። ጥሪውን ሲሰማ ኢንተግሪን የሚባለው ፍሬኑ ይረገጣል፤ ግድግዳው ላይ ባለው አይካም 1 በሚባል ሞለኪውል ላይ ይጣበቃል። ቆመ። ቀጥሎ ራሱን ያሳሳና በሁለት የግድግዳ ሴሎች መካከል ባለች ስንጥቅ ሾልኮ ይገባል።

ከገባ በኋላ የሚሆነው ነው አክስቴን ሦስት ዓመት ያስከፈላት። የገባው ቲ ሴል ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃል። ይህ ንጥረ ነገር የታይሮይድ ሴሎቹን ሲነካቸው እነሱ ራሳቸው ሲኤክስሲኤል 10 ማምረት ይጀምራሉ። ማለትም የሚጠቃው ዕጢ ራሱ ተጨማሪ ወታደር ይጠራል! የመጡት ደግሞ ኢንተርፌሮን ይለቃሉ፤ ዕጢው ይበልጥ ይጠራል። ቀለበቱ አንዴ ከገጠመ መነሻው ቁስል ቢድን እንኳ ሊቀጥል ይችላል።

ቁጥራቸው ሲበዛ እንግድነታቸው ያበቃል፤ ሰፈር ይሠራሉ። ሌሎች ኬሞካይኖች ቢ ሴሎችን ይጠራሉ፤ በዕጢው ውስጥ እውነተኛ ሊምፍ ዕጢ የሚመስል፣ የራሱ የደም ሥር መግቢያ ያለው ሰፈር ይቆማል። ሃሺሞቶ በ1912 ያየው ይህንን ነበር። ቢ ሴሎቹ እዚያው ሠልጥነው አንቲቦዲ ወደሚያመርቱ ሴሎች ይለወጣሉ፤ ገዳይ ቲ ሴሎች ደግሞ የታይሮይድ ሴሎችን አንድ በአንድ ይበሳሉ። ተመራማሪዎች ከእነዚህ ጥሪዎች አንዱን ብቻ ታይሮይዳቸው እንዲያመርት አድርገው ባዳቀሏቸው አይጦች ዕጢ ውስጥ ሊምፎሳይቶች ተሰብስበው እንዲህ ያለ ሰፈር ሠርተዋል። ጥሪ ብቻውን ሠራዊት ሊያሰባስብ ይችላል ማለት ነው።

እንግዲህ አንገት ላይ የሚታየው እብጠት ሁለት ታሪክ ሊኖረው ይችላል። አዮዲን ሲያጥር አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ቲኤስኤች በሚባል ሆርሞን «ሥራ፣ ሥራ» እያለች ታይሮይድን ትገፋዋለች፤ ዕጢውም ጥሬ ዕቃ ፍለጋ ይሰፋል። በሃሺሞቶ ደግሞ ዕጢው በሰፋሪ ተሞልቷል፤ የቀረው ጤነኛ ክፍልም በቲኤስኤች ይገፋል። ከውጭ ሲዳሰስ ሁለቱም እንቅርት ናቸው። የመጀመሪያውን ጨው ይረዳዋል። ሁለተኛው ጥሬ ዕቃ አላነሰውም፤ ሠራተኛው ነው እያለቀበት ያለው።

ከዚሁ ቤተሰብ የሆነ ሌላ በሽታም አለ፤ ግሬቭስ ይባላል፤ በ1835 የገለጸው የደብሊኑ ሐኪም ሮበርት ግሬቭስ ነው። እዚያም ሊምፎሳይቶች ዕጢው ውስጥ ይገባሉ፤ ግን የሚመረተው አንቲቦዲ ዕጢውን በማፍረስ ፋንታ ያለ ፋታ ያሠራዋል። ሰውየው ይከሳል፣ ይሞቀዋል፣ ልቡ ይመታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ በአንዳንዱ ከዓይኑ ጀርባ ያለው ሥጋ አብጦ ዓይኑን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ይህንን ዓይን አይቶ «ቡዳ በላው» ያለ ስንት ሰው ይኖር ይሆን? ሕክምናው ከሃሺሞቶ ተቃራኒ ነው፤ የሚሰጠው ዕጢውን የሚያቀዘቅዝ መድኃኒት ነው። በጎረቤት ኪኒን መታከም የማይቻለው ለዚህ ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ «ታዲያ ጨዉን ልተወው?» ሊል ይችላል። በጭራሽ። ያለንበትን ከየት እንደመጣን ማስታወስ ይበቃል። ከኤርትራ ጋር ጦርነት እስኪነሳ ድረስ ጨዋችን በአብዛኛው ከአሰብ ይመጣ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ፊታችንን ወደ አፋር አፍዴራ አዞርን፤ ጨዉም ለዓመታት ያለ አዮዲን ገበያ ላይ ዋለ። በደቡብ ኦሞ ጨው ባሕር የሚባል ሐይቅ ስላለን አዮዲን የሞላን የሚመስለው ሰው ገጥሞኛል፤ ከመሬት የሚዛቅ ጨው ግን አዮዲን ካልተጨመረበት ለዚህ ነገር አይበቃም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2003 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ ቁጥር 204 የምግብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። በሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎች መሠረት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2011 15 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 89 በመቶ ደረሱ። በማኅፀን ላለ ሕፃን አንጎል ከዚህ የበለጠ ርካሽ ስጦታ አላውቅም።

ነገር ግን አዮዲን ለረጅም ጊዜ ባጠረው ሕዝብ ውስጥ ሲገባ ሌላው ዓይነት የታይሮይድ ሕመም ከፍ ማለቱ በሌሎች አገሮች ታይቷል። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2000 ጨው ላይ አዮዲን ግዴታ ካደረገች በኋላ በሕዝቡ ደም ውስጥ የታይሮይድ አንቲቦዲ ጨምሯል። በቻይና ሦስት አካባቢዎችን ያወዳደረ በ2006 የታተመ ጥናትም አዮዲን ከበቂ በላይ በሆነበት ቦታ ሃሺሞቶን የመሰለው ሕመም በርክቶ አግኝቷል። አዮዲን የበዛበት የታይሮይድ ፕሮቲን ለመከላከያ ሴሎች ይበልጥ እንግዳ መስሎ ስለሚታይ ነው ይላሉ ባለሙያዎቹ። ከዚህ የሚወጣው ትርጉም ጨዉ ጥፋተኛ ነው የሚል አይደለም። የጨው እጥረት እየቀነሰ ሲሄድ በየጤና ጣቢያው ከሚታዩት እንቅርቶች ውስጥ ጨው የማያድናቸው ድርሻ ከፍ ይላል፤ መርማሪው እጅ ግን ገና በድሮው ልማድ «ጨው» ይላል። በሌላ በኩል «አዮዲን ይጨምርልኝ» ብሎ ጨው ማብዛትም የደም ግፊትን መጋበዝ ነው።

በሽታው ሴቶችን ከወንዶች ብዙ እጥፍ ይበልጥ ያጠቃል። ወሊድ ደግሞ ልዩ ወቅት ነው። በእርግዝና ጊዜ የእናት መከላከያ ፅንሱን እንዳይወጋ ይለዝባል፤ ከወለደች በኋላ እንደ ተገታ ውኃ ተመልሶ ይመጣል፤ በዚያን ጊዜ ታይሮይድ ውስጥ የሚገባ አለ። በወለደች በዓመቷ ውስጥ የምትደክም፣ የምታለቅስ፣ ፀጉሯ የሚረግፍ እናት ሁሉ ታይሮይድ አለባት ማለት አይደለም፤ «የአራስነት ነው» ተብላ የምትተወው ግን ከመካከላቸው እውነተኛ ሕመምተኛ ልትኖር ትችላለች። የቲኤስኤች ምርመራ ከክንድ በሚቀዳ ትንሽ ደም የሚሠራ ነው። ቲኤስኤች ከፍ ብሎ የታይሮይድ ሆርሞን ዝቅ ካለ ዕጢው ደክሟል፤ አንቲቦዲው ከተገኘ ደግሞ ምክንያቱ ይታወቃል።

ታዲያ መድኃኒቱ ወታደሮቹን ያስወጣል? አያስወጣም። የሴሎችን ፍሬን፣ ያንን ኢንተግሪን፣ የሚዘጉ መድኃኒቶች ለአንዳንድ የአንጎልና የአንጀት በሽታዎች ተሠርተዋል። አንዱ ግን አልፎ አልፎ ከባድ የአንጎል ኢንፌክሽን ያስከትላል፤ በሩ ለክፉውም ለደጉም ስለሚዘጋ። ታይሮይድ ላይ ይህን ያህል አደጋ መግባት ትርፉ አይታየኝም፤ የጎደለውን ሆርሞን በኪኒን መተካት ይቻላልና። ሌቮታይሮክሲን ይባላል፤ በቀን አንዴ፣ ለአብዛኞቹ ዕድሜ ልክ።

ኪኒኑ ግን ጠባየኛ ነው፤ በተለይ ለደቡብ ኦሞ ሰው። ባዶ ሆድ ላይ በውኃ ብቻ መወሰድ አለበት፤ ቡና አብሮት ከተጠጣ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል። በዚያ አገር ደግሞ ቀን የሚከፈተው በቡና ነው፤ በሐመርና በበና ቤት በቅል የሚቀርበው የቡና ገለባ ሾፎሮ አለ። ስለዚህ ኪኒኑ ይቀድማል፤ ቡናው ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ይጠብቃል። ነፍሰ ጡር የምትወስደው የደም ማነስ ኪኒን፣ ብረት ያለበት፣ ከእሱ ቢያንስ አራት ሰዓት መራቅ አለበት። በእርግዝና የሆርሞኑ ፍላጎት ከሩብ እስከ ግማሽ ሊጨምር ስለሚችል ኪኒኑን የምትወስድ ሴት ማርገዟን እንዳወቀች ለሐኪሟ መንገር አለባት። ቆላ ያሉት ደግሞ ኪኒኑን ከሙቀት ይጠብቁት። ተሻለኝ ብሎ ማቆምም አለ። ሆርሞኑ ከደም በዝግታ ስለሚወጣ ያቆመ ሰው ለጥቂት ሳምንት ምንም አይሰማውም፤ «ድኛለሁ» ይላል፤ ከዚያ ያው ብርድ ይመለሳል።

አክስቴም አንዴ አቁማ አይታዋለች። በሁለት ወሯ ገበያ ላይ መልስ ተሳሳተች፤ ልጇ ናት ያስተዋለችው። አሁን ኪኒኑን ራስጌዋ፣ ከአንድ ኩባያ ውኃ ጋር ታስቀምጣለች፤ ገና ሳይነጋ ትውጥና ተመልሳ ትጋደማለች። አንገቷ ትንሽ ቀንሷል እንጂ አልጠፋም። ጎረቤቶቿ ቡና ቀድመው አፍልተው ሲጠሯት «ገና ነኝ፣ ሁለተኛው ላይ እደርሳለሁ» ትላቸዋለች። አንዳንዶቹ አኩርፈው ነበር። ባለፈው የሄድኩ ጊዜ ግን ከጎረቤቶቿ አንዷ፣ አንገቷን በነጠላ የሸፈነችው፣ አክስቴን ወደ ጎን ወስዳ ያ አርባ ምንጭ የተደረገላት ምርመራ ስሙ ማን እንደሚባል ስትጠይቃት ሰማሁ። አክስቴ የካርቶን ቁራጭ ላይ «ቲኤስኤች» ብላ ጻፈችላት።